ከነባናው የተመዘነ ጠቦት

የዚያን ቀን ጠቦቴን ከነባናዬ አስመዘንኩት። ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል ይባላል። የኔ ዓይን ደህና ነበር፤ የደከመው ሌላው ነው።

ካፊያው ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጉሙ ገና ከሜዳው አልተነሣም። ጠቦቱ ጡት የጣለበት ሰሞን ነበርና ብርድ እንዳይመታው ብዬ ትከሻዬ ላይ የነበረውን ባና አውልቄ ጠቀለልኩት። የመንዝ ባና ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው፤ ደረቁም ይከብዳል፣ ሲርስማ ተዉት። የበግ አርቢዎች ማህበራችን ሚዛኑን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅሎታል። ከከተማ የተላከው መዝጋቢ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ እስክሪብቶ የያዘው በጭንቅ ነው። ጥቅሉን እንዳለ ማንገቻው ላይ አኖርኩለት። አነበበ፣ ጻፈ፣ ጠጋ ብሎም ቁጥሩን በጆሮዬ ነገረኝ። እየተንጎራደድኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በረት ደርሼ ስፈታው ያ ሁሉ ክብደት መሬት ላይ ቀረና አንድ ቀጭን ነገር ከውስጡ ተነሥቶ ሄደ።

ቁጥሩ ለምን በጆሮ እንደሚነገር ልንገራችሁ። ማህበሩ ሲመሠረት፣ የበግን ልክ ጮክ ብሎ መናገር ዓይን ይጠራል፣ ከዓይን የባሰ ደግሞ ግብር ይጠራል ብለን ፈራን። «ለባለቤቱ ብቻ በሹክሹክታ ይነገር፤ ወረቀቱንም ሌላ ሰው አይየው» ብሎ ጉባኤውን ያሳመነው እኔ ነኝ። ተጨብጭቦልኛል። ጮክ ተብሎ ቢነበብ ኖሮ ከቆመው ሰው አንዱ «ባናውስ?» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ስል በኔ ልክ ነው። መዝጋቢው ገና አልሄደም።

«ልጄ፣ ያንን ሰርዝልኝ። ባናዬን ነው የመዘንከው።»

«አባባ፣ ተጻፈ እኮ።»

«የተጻፈ አይሰረዝም?»

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አይቀበሉኝም።»

ነገሩ በሣቅ ቢያልቅ ምን ነበረበት። ግን በዚያ ክብደት ተነሥተው ለመንደሩ በጎች ሁሉ አውራ የሚሆነውን አንድ ጠቦት ሊመርጡ ነው። ያልተመረጠው ይቀጠቀጥና ሙክት ይሆናል፣ አለዚያም ይሸጣል፤ ደንቡ እንዲያ ነው። መመረጥ የሚገባው የአበልጄ ጠቦት ነበር። አበልጄ ልጇን ክርስትና ያነሣሁላት ጎረቤቴ ናት። ጠቦቱን እናቱ ስትሞትበት ከልጆቿ ወተት እየቀነሰች አሳድጋዋለች፤ ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ ወፍራም። «እሱ አውራ ሆኖ ከቀረ በጎቼ ይስተካከላሉ» ትል ነበር። እኛ ቆጠራ ሲመጣ አንዳንዷን በግ ገደል ሥር ስንደብቅ፣ እሷ ያላትን ሁሉ በር ላይ አሰልፋ የምታሳይ ሴት ናት።

ወደ ማህበሩ ሊቀ መንበር ሄጄ «የኔ ጠቦት ከንቱ ነው» አልኩት። ሣቀ። እኛ አገር በጉን የሚያሞግስ ማን አለ? ጥሩ በግ ያለው ሁሉ «ቆዳና አጥንት ነው» ነው የሚለው።

«ከዓይን ሊያስጥሉት ነው፣ ጋሼ?»

«ቀጭን ነው እያልኩህ።»

«ይኼን ያህል ከናቁትማ በጣም ወፍሯል ማለት ነው።»

ዕድሜ ልኬን በጎቼን ሳማ ኖሬ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

በማግሥቱ የወረዳው ቢሮ ወዳለበት ወደ ሞላሌ ሄድኩ። በዚያ ዘመን በየቢሮው ግድግዳ «ግልጽነትና ተጠያቂነት» የሚል ይለጠፍ ነበር። የእንስሳት እርባታ ባለሙያው ከጽሑፉ ሥር ተቀምጦ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ ራሱ አዙሯል።

«መረጃው ወደ ላይ ሄዷል» አለኝ።

«ላይ የት ነው? እኔ ከመንዝ በላይ የማውቀው ሰማይን ነው።»

«አይታረምም፣ አባቴ። ማሳየትም አልችልም፤ የአርቢ መረጃ በምስጢር ነው የሚያዘው።»

«የማን ምስጢር ነው፣ ከማን የሚደበቀው? በጉ የኔ፣ ባናው የኔ፣ ስሕተቱም የኔ።»

«በምስጢር ይያዝ ያላችሁት እናንተው ናችሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።»

ያሰፈረው ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

አሁንም ብልጠቴ አላለቀም። ከገብስ ነጋዴው ሚዛን ተውሼ እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ በሰው ፊት ሁለቱንም ጠቦቶች ሰቀልኩ፤ ያን ዕለት ባናዬም አብሮ መመዘኑን ተናግሬ ቁጥሩን ራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩ። የአበልጄ ጠቦት የኔን በብዙ በለጠው።

«ይኼ የገብስ ሚዛን ነው» አለ ሊቀ መንበሩ። «በማህበሩ ሚዛን ያልተለካ መረጃ አይሆንም።»

ከኋላ አንዱ «ሽማግሌው ሲያስርቡት ሰንብተው ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ አበልጄ ብቻ አልሣቀችም።

የኔው ተመረጠ። ጀርባውን ቀይ ቀለም ቀቡት፤ እሱም እንደ ሹም ተንጎራደደ፣ ባለቤቱን መምሰሉ ሳይሆን አይቀርም። አበልጄ የራሷን ለመቀጥቀጥ አንጀቷ እምቢ ቢላት ልትሸጠው ወደ ቀየት ገበያ ስትነዳ በደጄ አለፈች። ዝናብ ነበር፤ ያንኑ ባና ለብሼ ቆሜያለሁ።

«አበልጄ፣ በሚመጣው ዓመት ከሚወለደው ምርጡን ላንቺ እሰጣለሁ» አልኳት።

«ከዚያ ቀጭን የሚወለደውን? ይቅርብኝ። ባናዎን ይስጡኝ፤ የተመረጠው እሱ ነው።»

«እርጥብ ነው፤ ይድረቅና እሰጥሻለሁ» አልኳት። በጓን እየነዳች ጉሙ ውስጥ ገባች።

በዓመቱ ግልገሎቹ አባታቸውን መስለው ኮሰሱ። ባለሙያው መጥቶ አያቸውና «የመኖ እጥረት ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላ ምን እንደጻፈ እንጃ፤ ማን አሳይቶን።

ማህበሩ ከፈረሰ ቆየ፤ ሚዛኑም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አበልጄ ግን ዛሬም በደጄ ስታልፍ ትከሻዬን አየት ታደርግና «አልደረቀም?» ትለኛለች።

«ትንሽ ይቀረዋል» እላታለሁ፣ ባናውን ወደ አንገቴ ሳብ እያደረግኩ።