የሚጣ ቤት መቀርቀሪያ

ሠፈሩ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም «እትዬ ሜትር» ነው የሚላት። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድማ። ገበያ ስትሄድ አንገቷ ላይ ነው፤ ሐኪም ቤት ስትሄድም አንገቷ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ድረስ አጥልቃው ሄዳ፣ ሰው በሐዘኑ መሀል ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። አረማመድህን ብቻ አይታ «ግራ እግርህ ከቀኙ ትንሽ ያጥራል፤ ታውቃለህ?» ትልሃለች፤ ተናደህ ቤትህ ገብተህ ስትለካው እውነቷን ነው። እንግዲህ ይቺ ሴት፣ በሰው ትከሻ ላይ የጣት ያህል ስታ የማታውቅ፣ የገዛ ቤቷን ስታሠራ ያን ሜትር አንድ ቀን እንኳ አልዘረጋችውም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

አገሩ የሷ አይደለም። በልጅነቷ ታላቅ ወንድሟ እጇን ይዞ እየጎተተ ካገሯ አወጣት፤ ከዚያ ከአንዱ ድንበር ወደ ሌላው ስትንከራተት አድጋ፣ እሱ እንጀራ ፍለጋ ሌላ አገር ሲሄድ እሷ እዚህ ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል ሠራተኞች ልብስ ስትሰፋ ኖረች። ፀጉሯ ከነጣ በኋላ ነው ድንገት ተነስታ መሬት እገዛለሁ ያለችው። በዚያ አገር ሕግ የውጭ ዜጋ መሬት መግዛት ይችላል፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ ጣሪያ አልብሶ ካልገባበት ይነጠቃል። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና አያት።

«እናት፣ በዚህ ዕድሜዎ ከሲሚንቶ ጋር ከሚታገሉ አንድ ክፍል ተከራይተው ቢያርፉ አይሻልም?»

«ስከራይ ነው የኖርኩት» አለች። «የተከራየሁት ሁሉ የሰው ቤት ነው። እናቴ ብትመጣ በምኑ ታውቀዋለች?»

ሹሙ እናትየዋ በሕይወት ያለች መስሎት፣ እንዲህ ያለች አሮጊት ልጇ ጋ ልትጦር ትመጣለች ብሎ ሆዱ ባባና ማህተሙን መታላት። እናትየዋ ከጠፋች ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሆና፣ ሰባት ዓመቷ ገደማ፣ የተወለደችበት ከተማ ክፉ ቀን መጣበት። መሣሪያ የያዙ ሰዎች በየቤቱ እየገቡ ሰው ይወስዳሉ። እናት ሁለቱ ልጆቿ በሩን ከውስጥ እንዲቀረቅሩ አድርጋ የሚያወጣቸው መኪና ልትለምን ሄደች። ከሰዓት በኋላ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። አልተከፈተም። በማግሥቱ ወንድሟ በጓሮ በኩል የጭቃውን ግድግዳ ፈልፍሎ ይዟት ወጣ። እናታቸው ያው እንደወጣች ቀረች፤ አየኋት ያለ ሰው የለም፣ ቀበርኳት ያለም የለም።

ከዚያ ቀን ልጅቷ ይዛ የቀረችው አንድ ነገር ነው፤ በጣቷ ጫፍ ላይ የመቀርቀሪያው ብረት ቅዝቃዜ። ነክታዋለች። ስለዚህ መክፈት እችል ነበር፣ አልከፈትኩላትም ብላ አመነች። ወንድሟን በጠየቀችው ቁጥር «ንፋስ ነው ሚጣዬ፣ ንፋስ ነው በሩን የመታው» ይላል። ስታድግም «ንፋስ ነው»፣ ስትሸመግልም በስልክ «ንፋስ ነው»። ሌላ ነገር ከአንደበቱ አይወጣም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘግቶታል። እሷ ደግሞ ሳታውቅ መሞት አልፈለገችም። ቤቱን ያሠራችው ለዚህ ነው። ያንኑ ቤት መልሼ ባቆመው፣ እሱም ግድግዳውን በእጁ ቢነካው፣ ንፋስ ነው ብሎ ሊዋሸኝ አይችልም ብላ ነው።

ግንበኛው የዚያው አገር ሰው ነው፤ ቀልደኛ፣ ለሥራው ግን ቀልድ የማያውቅ። መስኮቱ ላይ ሲደርሱ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ቆመች።

«ደፉ ከዚህ ዝቅ እንዳይል።»

«እትዬ፣ የመስኮት ደፍ እኮ ወገብ ጋ ነው የሚያርፈው። ቁጭ ሲሉ በምን ሊያዩ ነው? ቤቱ የሚሠራው ለቀጭኔ ነው እንዴ?»

«አገጬ ጋ ነው የነበረው።»

ሜትሩን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው። «የኔም አለኝ፤ ከነበረበት መልሰው። የማውቀውን ቤት ምን ብዬ እለካዋለሁ?» መደርደሪያው እጇን ዘርግታ የማትደርስበት ቦታ ላይ ይሰቀል አለች። በሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ይሁን አለች። ክፍሉ ደግሞ ከአልጋው ተነስታ እስከ በሩ ስትሮጥ ትንፋሽ የሚያሳጥር ይሁን አለች፤ ሮጣም አሳየችው፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ ባዶ መሬት ላይ። አዳራሽ የሚያህል ነገር ሲቆም ያየ ጎረቤት ሁሉ አሮጊቷ ሠርግ ልትደግስ ነው ብሎ አወራ። መጨረሻ ላይ መቀርቀሪያው መጣ። በእግሯ ጣት ቆመች፣ እጇን እስከመጨረሻው ዘረጋች፣ የጣቷ ጫፍ ብቻ የሚነካውን ቦታ አሳየችው።

«እትዬ፣ የገዛ በርዎን በየቀኑ ተንጠራርተው ሊከፍቱ ነው?»

«አዎ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ግንበኛው ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ምን ያርግ፣ ያዘዘችውን ሠራላት።

ገባችበት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው እንዴት ይኖራል አትሉም? ብርሃኑ በዚያ ከፍ ባለ መስኮት ገብቶ የፊት ለፊቱን ግድግዳ የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው የሚነካው፤ ወለሉ በቀንም ጨለምለም ይላል። እዚያ ውስጥ ስትሆን ታንሳለች። እግሯን እየጎተተች የምትሄደው ሴትዮ ቤቷ ስትገባ ኮቴዋን አጥፍታ፣ በግድግዳው ሥር ሥር ትራመዳለች። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ቆይታ እግሯ በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። ያኔ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። ከበሩ ወዲያ ሰው ቆሞ የሚተነፍስ ይመስላታል። «ማነሽ?» ትላለች ቀስ ብላ፣ ወዲያ ያለችው ሴት መሆኗን እርግጠኛ ሆና። ይሁን እንጂ ሄዳ አትከፍትም፤ ብትከፍትና ባዶ ቢሆንስ፣ ብትከፍትና ባዶ ባይሆንስ።

በር ሲንኳኳማ ጨርሶ ድርቅ ነው የምትለው። ጎረቤት አንኳኩቶ፣ አንኳኩቶ ይመለሳል። «ኩራቷ አይጣል ነው» ብለው አሟት። ነገሩ የገባው ግንበኛው ብቻ ነው፤ እሱ አያንኳኳም፣ ከመንገዱ ሆኖ «እትዬ ሜትር፣ እኔ ነኝ፣ ግንበኛው» ብሎ ይጣራል። እንደዚያ ሲሆን ትከፍታለች።

ወንድሟ «አልመጣም» እያለ ቆየ። የስኳር በሽታ ዓይኑን ወስዶበታል፤ «ምኑን ላየው ነው?» ይላል። «አታየውም ጋሼ፣ ዳስሰው» አለችው። ደጋግማ ስትለምነው፣ አንድ ቀን እሺ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ ተቀበለችው። ያ ዘንካታ የነበረ ሰው ጎብጦ፣ በትር ይዞ ሲወጣ አየችው፤ ግን አላለቀሰችም፤ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ነበርና።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ በሩን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውንም ተንጠራርታ ወረወረችው። እጁን ወስዳ ግድግዳው ላይ አደረገችለት። «ይኸው» አለችው።

ቀስ እያለ እየዳሰሰ ሄደ። መስኮቱን ወገቡ ጋ ፈለገው፤ የለም። እጁ ወደ ላይ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ደፉን ሲያገኘው ቆመ።

«ሚጣዬ፣ ምንድነው የሠራሽው?»

«ቤታችንን ነዋ።»

«ቤታችን እኮ ጠባብ ነበረች። አልጋው ላይ ተኝቼ እጄን ብዘረጋ በሩን ልነካ ምንም አይቀረኝም ነበር። አባታችን በሕይወት ሳለ ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው።»

«አልነበረም» አለች። «ትልቅ ነበር። እሮጥበት ነበር።»

ሽማግሌው አንድ እጁን ደፉ ላይ እንዳስቀመጠ በሌላው ፊቷን ፈለገ። ግንባሯን ነካ፣ ጉንጯን፣ ከዚያ አገጯን አገኘ። ሁለቱም እጆቹ እኩል ከፍታ ላይ ነበሩ። «አገጭሽ ጋ ነው» አለ። «ያን ጊዜም አገጭሽ ጋ ነበር። ተንጠልጥለሽ ውጭ ውጭውን ስታዪ እኔ ነበርኩ የማወርድሽ። ቤቱ አብሮሽ አድጓል፣ እህቴ።»

ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ወዲያው ገባት። የሰባት ዓመት ልጅ ልክ በስልሳ ዓመት ሴት ገላ ላይ ለክታለች። ያን ሜትር ያልዘረጋችው አውቃ ይሁን ሳታውቅ እሷም አታውቅ፤ ቢዘረጋ ኖሮ ይነግራት ነበር። ግን አሁን ስለ ቤቱ ማዘኛ ጊዜ አልነበራትም። እጁን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው።

እሱ መቀርቀሪያውን ትከሻው ጋ ፈለገ። እጁ እንጨቱን እየዳበሰ ተንከራተተ። ያዘችውና ብረቱን እስኪነካ ወደ ላይ አነሳችው።

«እዚህ ነበር» አለችው። «በእግሬ ጣት ቆሜ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ነካሁት ጋሼ፣ ግን አልከፈትኩትም። አሁንም ንፋስ ነው ልትለኝ ነው?»

ብረቱን በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«ጫፉን ነው የነካሽው» አለ በመጨረሻ። «ልትስቢው አትችይም ነበር፤ ለእኔም ይጠብቀኝ ነበር። ለመክፈት ሮጠሽ ነበር። ወገብሽን ይዤ ያወረድኩሽ እኔ ነኝ። አፍሽንም በእጄ የከደንኩት እኔ ነኝ።»

«እሷ ነበረች?»

«ድምጿ ነበር። ስሜን ጠርታ ‹ክፈትልኝ ልጄ› አለች።»

እትዬ ሜትር በሩን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሱም በትሩን ጥሎ አጠገቧ ዝቅ አለ።

«ስትወጣ አንቺን ሳመችሽና እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ። ‹ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍት። የኔን ድምፅ ብትሰማ እንኳ እንዳትከፍት፤ አስገድደው ሊያስጠሩኝ ይችላሉ› አለችኝ። እሺ አልኳት። ቃሏን ነው የጠበቅኩት ሚጣዬ። ግን ብቻዋን ከመጣች በምን እንደማውቅ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። እሷ ቸኩላ ነበር፣ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሁለታችንም ረሳነው።»

«እና ብቻዋን ነበረች?»

«አላውቅም» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ነው የማዳምጠው። ከድምጿ ኋላ ሌላ ኮቴ ነበር፣ አልነበረም? አንዳንድ ቀን እሰማዋለሁ፤ ያን ቀን እንቅልፍ እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን ብቻዋን ናት።»

እህት እጁን ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት የእኔ ነው ብላ የተሸከመችው የሱ ነበር፤ ቀለላት ማለት አይቻልም፣ የሱን ስታይ የሷ ከበዳት። ፀሐይዋ የላይኛውን ግድግዳ ትታ ልትወጣ ነው። ሁለት አዛውንቶች እንደ ልጅ በር ሥር ተኮራምተው ተቀምጠዋል።

በሩ ተንኳኳ።

ወንድምየው እጁ ሳያስበው ወደ አፏ ሄደ። አልጮኸችም፤ ድሮም አልጮኸችም። እንደገና ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለቴ። «ማነሽ?» ለማለት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከወዲያ በኩል የሚናገር ሰው የለም። ሰው ግን አለ፤ ሲተነፍስ ይሰማል።

«አንሺኝ» አላት።

ደግፋ አነሳችው። እጁ በልማዱ ትከሻው ጋ፣ መቀርቀሪያው ወደነበረበት ወደዚያ ወደ ድሮው ቦታ ሄደ፤ እንጨቱ ላይ ቆመ። እሷ የእጅ አንጓውን ያዘችና ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አነሳችለት። ብረቱን አብረው ሳቡት።

በሩ ላይ ግንበኛው ነበር። ለእንግዳው ብሎ ብርቱካን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ በክርኑ ነው ያንኳኳው። «ውይ፣ ይቅርታ እትዬ፣ መጣራቱን ዘነጋሁት» አለ፤ ከዚያ ፊታቸውን አይቶ ብርቱካኑን እንደታቀፈ ቆመ። እሷ እሱን አታየውም፤ በትከሻው አሻግራ ባዶውን መንገድ ነው የምታየው። ግንበኛውም ዞር ብሎ ከኋላው አየ።

ሽማግሌው የማያዩ ዓይኖቹን ወደ በሩ አድርጎ ጆሮውን አቀና።

«ብቻህን ነህ?» አለው።

«አዎ አባባ» አለ ግንበኛው ግራ ተጋብቶ። «ብቻዬን ነኝ።»

«በል ግባ» አለ ሽማግሌው። ገባ፤ በሩን ግን ያን ቀን እስኪመሽ አልዘጉትም።