በጸሎት የተጀመረ ሽምግልና

ባለፈው እሑድ ፓስተራችን ከስብከቱ በፊት አንድ ማስታወቂያ ተናገሩ። በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ በድምፅ የሚላክ ጸሎት ከእንግዲህ አጠር እንዲል፣ የሰው ስም እየጠሩ የቤት ገመና መዘርዘርም እንዲቀር። ጉባኤው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ባለቤቴ ምህረት ግን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ እኔም ሳቄ አምልጦኝ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞረው ገላመጡኝ። እሳቸው ምን ያውቃሉ፤ ያ ገመና መዘርዘር ባይኖር ኖሮ እኔ ዛሬ ከዚህች ሴት አጠገብ አልቀመጥም ነበር።

ጊዜው ኮሌጅ ጨርሼ ሆሳዕና ማስተማር በጀመርኩ በዓመቱ፣ ክረምት ነው። ግሩፑ ገና መከፈቱ ነበር። ከሆሳዕና፣ ከፎንቆ፣ ከዱራሜ ሳይቀር ወጣትና ሽማግሌ ተቀላቅሎ፣ ጠዋት ጠዋት አንዱ ምዕራፍ ያነባል፣ ሌላው በድምፅ ይጸልያል። እኔ በዚያን ጊዜ ከዩቲዩብ ሰባኪዎች ሥር የማልጠፋ ሰው ነበርኩ። ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር ስብከት አወርዳለሁ፤ ሳይታወቀኝ አጸላለዬም የእነሱ ሆነ። ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ መሀል ላይ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ፣ የመጨረሻውን ቃል እደጋግማለሁ። እናቴ አንድ ቀን ሰምታኝ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት ዝንጅብል አፈላችልኝ።

እሷ ጌታን የምታናግረው አጥር ላይ ቆማ ጎረቤቷን እንደምታነጋግር ነው። ላሟ ወተት ከቀነሰች፣ የእንሰቱ ቅጠል ከጠወለገ፣ ቁልጭ አድርጋ ትነግረዋለች። አማርኛ ለእሷ የክት ልብስ ነው። በሰው ፊት ስትጸልይ በአማርኛ ትጀምርና ነገሩ ጠበቅ ሲልባት ወደ ሀዲይኛ ትሻገራለች።

ምህረት ያኔ ሆሳዕና ነርስነት የምትማር የፎንቆ ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ ኤርጫፎ መምህርም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ ገበያ ሲወጡ እንኳ ክራቫታቸውን የማያላሉ ሰው። እንደወደድኳት ለራሷ ገና ሳልናገር ለእናቴ የነገርኳት አታካና ሠርታልኝ ነው። ቅቤ የጠገበ ቡላ ፊቱ ቀርቦለት ምስጢር የሚቋጥር ሰው አላየሁም። መስቀል እስኪያልፍ ዝም ልትል፣ ከዚያ ሽማግሌ ልንልክ ተስማማን። በእኛ አገር ሽማግሌ ሳይላክ ወሬው ከቀደመ የልጅቷ አባት እንደተናቀ ይቆጥረዋል፤ አንዴ እንቢ ካለ ደግሞ መላሽ የለውም።

እናቴ ቃሏን ጠብቃ ለሰው አልተናገረችም። ለጌታ ግን አትናገሪ አላልኳትም። ከጥቂት ቀናት በፊት አሮጌ ስልኬን ሰጥቼ ግሩፑ ውስጥ አስገብቻት፣ ማይኩን ተጭኖ መናገርንም አስተምሬያት ነበር።

በማግስቱ ዕቃ ልልክ መናኸሪያ ሄጄ፣ ረዳቶች «ሾኔ፣ ሾኔ» እያሉ ከሚጮሁበት አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ስልኬን ስከፍት የእናቴ ድምፅ ነው።

«ጌታ ሆይ፣ ልጄን ታምራትን አንተ ታውቀዋለህ። ጠዋት አይነሳም፤ ካልሲውን እስካሁን የማጥብለት እኔ ነኝ። ልቡ ግን ክፉ አይደለም። አሁን የፎንቆውን የአቶ ኤርጫፎን ልጅ ወዷል። አባቷ ኩሩ ነው፤ እሱንም አለዝብልን።»

ከካልሲው ጀምሮ በሀዲይኛ ስለነበር፣ ከምባትኛ የሚናገሩት ዱራሜዎቹ እንኳ አይገባቸውም ብዬ ጥቂት ተጽናናሁ። መጽናናቴ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አልቆየም። እሑድ እሑድ ስብከት የሚተረጉመው ወንድማችን፣ ከልማዱ የተነሳ ይመስለኛል፣ ጸሎቱን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሶ፣ ካልሲው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ከሥሩ «አሜን» ይዘንብ ጀመር።

አመሻሹ ላይ የአቶ ኤርጫፎ ድምፅ መጣ። ለእናቴ አንድ ቃል አልመለሱላትም፤ ጸለዩ እንጂ። «ጌታ ሆይ፣ ኩሩ የተባልኩትን ባሪያህን ይቅር በለኝ። ልጄም ትምህርቷን ሳትጨርስ ማንም ደጄን እንዳያንኳኳ ጠብቅልኝ።» እናቴ ጠዋት ተነስታ፣ ትምህርት መልካም መሆኑን፣ ልጇም ከእንቅልፉ በቀር የሚያስቸኩለው ነገር እንደሌለ ለጌታ አስረዳች።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ሁለቱ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ በጌታ በኩል ይመላለሳሉ። ድግሱ በየትኛው ወገን እንደሚሆን ሳይቀር ተጸለየበት። ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው እናቶች እየጸለዩልኝ መሆኑን ይነግሩኛል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ይህ አልነበረም። ምህረት ግሩፑ ውስጥ አለች፤ ሁሉን ትሰማለች፤ ድምፅ የለም። አፍራብኝ እንደሆነ፣ ከነጭራሹ ጠልታኝ እንደሆነ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ልደውልላት ስልኬን አወጣና መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት እሷም ጸለየች።

«ጌታ ሆይ፣ ሰዉ ሁሉ ለአንተ ነገረ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። የሚፈልገኝ ካለ መንገዱን አሳየው።»

ያን ጊዜ አሜን ያለ ሰው የለም። 

ለክረምት ዕረፍት ወላጆቿ ቤት ስለነበረች ወዲያው ወደ ፎንቆ ተሳፈርኩ። ዝናቡ መንገዱን አላቁጦት ባጃጁ ከገበያው ወዲያ አልሄድ ስላለ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደጃቸው ደረስኩ። በመንገድ ሁሉ ያማረ ንግግር ስለማመድ ነበር። በሩን ራሷ ስትከፍት ያንን ጎርናና ድምፄን አውጥቼ ስጀምር እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«እናትህ ያሉት ሁሉ እውነት ነው?»

«ሁሉም።»

«ካልሲውም?»

«ካልሲውም።»

ሳቀች። «እንግዲህ የምትደብቀው ነገር አልቀረህም። ግባ።»

ከውስጥ አባቷ ጉሮሯቸውን ሲያጠሩ ሰማሁ፤ ግን አልከለከሉም። ትምህርቷን ጨርሳ ሽማግሌዎቻችን በደንቡ ሲሄዱ፣ አቶ ኤርጫፎ ከነክራቫታቸው ተቀምጠው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ በምን ጉዳይ እንደመጡ ጠየቋቸው።

ፓስተራችን ያሉት ስህተት አይደለም፤ ገመና ገመና ነው። እኔ ግን ያን ዘመን ስልኬ ላይ ካወረድኳቸው ስብከቶች አንዱንም ዛሬ አላስታውስም። ጸሎት የተማርኩት ከዚያች የእናቴ ድምፅ ነው። ስሜ ከነጉድለቴ በጌታ ፊት ሲጠራ በሰማሁ ጊዜ በመጀመሪያ አፈርኩ፤ ቆይቶ ግን ትልቅ እረፍት ተሰማኝ። ራሴን ለማሳመር ስደክም፣ ጌታ ቀድሞ ሁሉን ሰምቶ ኖሯል።

ምህረት ይህን ከአማቷ ወርሳለች። ማታ ለጸሎት ስንንበረከክ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጆቹን አስጠናለሁ ብሎ ስልኩ ላይ ያመሸውን አባት አስበው» ትላለች። ለእኔ ብትናገር እከራከር ነበር። ምን ላድርግ፤ ልጆቻችን ቀድመውኝ አሜን ይላሉ።