የላጨኝ ልጅ

የበረዶ ሆኪ ጓንት ሸትቷችሁ ያውቃል? ላብ ጠጥቶ በቴክሳስ ፀሐይ መኪና ውስጥ የዋለ? ባለፈው ቅዳሜ ካሮልተን፣ የበረዶ ሜዳው ፓርኪንግ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ የልጅ ልጄ መጥቶ ጓንቱን ጭኔ ላይ ወረወረና በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው።

«አባባ፣ ሰውዬው ፂም አለው! ትዌንቲ ዋን ነው! ኮሌጁ እኔን ትቶ እሱን ወሰደ። ፌር አይደለም!»

የኮሌጁን ቡድን ቦታ በሕልሙም በእውኑም ሲመኘው ነው የኖረው። አሠልጣኙ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ጎረምሳ መረጠ። አገጬን በላኝ። እኔም በጊዜዬ፣ አገር ቤት፣ ያ ሰውዬ ነበርኩና።

የስፖርት አስተማሪው ለትምህርት ቤቱ እግር ኳስ ብሎ ከሌላ ከተማ አምጥቶ አሥረኛ ክፍል ሲያስገባኝ፣ እኩዮቼ ልጅ ወልደው ነበር። ጠዋት የተላጨሁት ፂም ለምሳ ይመለሳል። ማደሪያዬ እርጥብ ካልሲ የሚሸት የኳስ ዕቃ ቤት ነበር። የግራ ክንፍ ቦታውን የነጠቅኩት ልጅ ግን ገና ለጋ ነው። ሕፃን ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው እጁን በአናቱ አዙሮ ጆሮውን ሲነካ አይደል? የተጋጣሚ ደጋፊዎች ገና ሲያዩኝ «ጆሮህን ንካ!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔም ሁለቱንም ባንዴ እነካላቸዋለሁ።

የዋንጫው ዕለት፣ ዳኛው ፂም ያለውን አያስገባም ተባለ። የእኔ ምላጭ ዶልዱሟል። ያ ልጅ የአባቱን ምላጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ውሃ በጣሳ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል። መስታወት የለህም፤ እኔ ልላጭህ።»

«ባትላጨኝ እኮ ቦታህን ታገኛለህ።»

«ዝም በል፣ እንዳልቆርጥህ።»

ውሃው ይበርዳል። ትንፋሹ ቃሪያ ቃሪያ ይሸታል። አሸነፍን። ጎሉን እኔ አገባሁ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ስለ ዕድሜዬ እንጂ ስለ ጎል አልዋሽም።

ክረምቱ ላይ ወታደሮች ለጦርነት ወጣት ከየቤቱ ሲለቅሙ፣ የቡድን ተጫዋች ይቅር ተባለ። እኔ ያ ልጅ ባጣው ቦታ ስለምጫወት ቀረሁ። እሱን ወሰዱት። ያን ጊዜ ዕድሜውን የጠየቀ፣ ለጋ ነው ያለ ሰው አልነበረም። በዚያው ቀረ።

የልጅ ልጄን ጓንት ከጭኔ አንስቼ ፀሐዩ ላይ አሰጣሁት።

«አባባ፣ ፌር ነው እንዴ?»

አገጬን ዳበስኩ። ጠዋት ተላጭቼ ነበር፤ ነጩ ግን ተመልሷል።