የቬልማ ግራ ጫማ

ሬይኖ ሳሬላ ዕድሜውን ሙሉ በሐይቅ ዳሯ በዱሉዝ ከተማ ዳገት ሽቅብ ቁልቁል እያለ ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ነው። በረዶ አይፈራም፣ ውሻ አይፈራም። የሚፈራው ጫማ ቤት ብቻ ነበር። ቀኝ እግሩ ከግራው በሁለት ቁጥር ይበልጣላ! ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ከሠራው ማን ይከሰሳል? ሚስቱ አይሊ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ሳለች ትልቅና ትንሽ ሁለት ጥንድ ትገዛለታለች፤ ከየጥንዱ አንዳንዱን ታጫማዋለች፣ የተረፉትን ምድር ቤት ትደረድራለች። ስትሞት ጓደኛ የሌለው የጫማ ክምር ትታለት ሄደች።

ከቀብሯ በኋላ መጀመሪያ ሃልቨር ጫማ ቤት የገባ ዕለት፣ ትልቁን ቀኝ በአንድ እጁ፣ ትንሹን ግራ በሌላው ይዞ ወንበር ላይ ቁጭ አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ። በዚህ አገር ወንድ ልጅ ሰው ፊት አያለቅስም። ባለ ሱቁ ሃልቨር ክው ብሎ ወደ ጓዳው ሸሸ። ሬይኖ አጠገብ ጫማ ትለካ የነበረችው ቬልማ፣ ከድልድዩ ማዶ ካለችው ከሱፒርየር ከተማ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት፣ መሬት መሬቱን እያየች፣

"የኔ የተገላቢጦሽ ነው" አለች። "ግራዬ ትልቅ፣ ቀኜ ትንሽ።"

"አትይኝ!"

"ምን ላድርግ ብለህ ነው?"

ከዚያ ወዲህ በያመቱ፣ በረዶው ሳይጥል፣ ሁለቱ ተቀጣጥረው ትልቅ ጥንድና ትንሽ ጥንድ በጋራ ይገዛሉ። እሱ ትልቁን ቀኝና ትንሹን ግራ፣ እሷ የቀሩትን። ምንም ትርፍ የለ። ሬይኖ ደግሞ አንድ ሕግ አወጣ፤ ጫማዎቹ እኩል ማለቅ አለባቸው።

"እኔ እየሄድኩ አንቺ ቤት ብትቀመጪ፣ የኔ አልቆ ያንቺ አዲስ ይሆናል። ያኔ ሁለታችንም ጉድ ፈላብን ማለት ነው" አላት።

"እውነትህን ነው። አንድ ላይ መሄድ አለብን።"

እንግዲህ በየማለዳው ሐይቁ ዳር አብረው መሄድ ጀመሩ። ሚስት የሞተችበትና ባል የሞተባት ያለ ምክንያት አብረው ቢሄዱ ሰው ምን ይላል? ጎረቤት ሲጠይቃቸው ግን "ጫማ እያስረጀን ነው" ይላሉ፤ ጎረቤትም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ሬይኖ የፖስተኛ ልማዱ ነውና ፊት ፊት ይሄዳል። ቬልማ ከኋላ፣ ግራ እግሯን ሸርተት ጧ፣ ሸርተት ጧ እያደረገች ትከተላለች። የማዶ ሰው ናትና የምትደግፈው የማዶውን ኳስ ቡድን ነው፤ በዚያ ሲነታረኩ ይሄዳሉ። እሱ ዞሮ አያያትም። ያ የጫማ ድምፅ እስካለ እሷም አለች።

ዘንድሮ የሬይኖ ግራ እግር እሳት ሆነበት። አውራ ጣቱ ጠቁሮ ጥፍሩ ሊነቀል ደረሰ። የሄደባት የእግር ሐኪም፣ ወጣት ናት፣ ለካችው፣ ደግማ ለካችው፣ ፈገግ አለች።

"እንኳን ደስ ያለዎት! ዕድሜ ሲገፋ መሀል እግር ይረግባል፣ እግርም ይረዝማል። ግራዎ ቀኝዎ ላይ ደርሷል። እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ጥንድ ገዝተው መሄድ ነው።"

ሬይኖ ሰው የሞተበት መሰለ።

"ቀኙን ማሳጠር አይቻልም?"

"ምኑን?"

"ቀኙን። ትንሽ ቢቆረጥ?"

"ልክዎ የሆነ ጫማ ካላደረጉ መሄድ ክልክል ነው" አለችው፣ ፈገግታዋን ሰብስባ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። እግሩ እኩል ከሆነ ቬልማ ለምን አብራው ትሄዳለች? ምክንያቱ አለቀ። ያለ እሷ ማለዳውን ምን ሊያደርገው ነው? ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም ለማለት ቆረጠ።

የጫማው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ስለሚያብጥ ሃልቨር ጠዋት ጠዋት ጫማ አይሸጥም። ሬይኖ ትንሹን ግራ ጫማ ጥርሱን ነክሶ አጠለቀ።

"ተነሥና ሂድበት። እንዴት ነው?" አለው ሃልቨር።

"ክፉ አይደለም።"

እዚህ አገር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ ሙሽራም ሲያዩ የሚሉት ይህንኑ ነው። ብቻ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ሃልቨር ተንበርክኮ የጫማውን ጫፍ ተጫነው።

"በጣትህና በጫፉ መሀል የኔ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ መኖር ነበረበት። የለም።"

"አውራ ጣትህ ወፍሮ ይሆናል።"

"አንተ ሰውዬ!" አለች ቬልማ። "ፊትህ አመድ መስሏል። አውልቀው!"

"ደህና ነኝ።"

"አውልቅ አልኩህ!"

"እኩል ሆነ!" ብሎ ጮኸ ሬይኖ። "እግሬ እኩል ሆነ! ከእንግዲህ አልጠቅምሽም። ቀኙ ትልቅ የሆነ ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ ግን... ማለዳ ማለዳ ያለ አንቺ እንዴት እንደምሆን አላውቅም።"

ሃልቨር እንደ ልማዱ ወደ ጓዳው ሸሸ።

ቬልማ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሮጌውን ትልቅ ግራ ጫማዋን ፈታች። ካልሲ አወለቀች። ከሥሩ ሌላ ካልሲ። ከሥሩ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ካልሲ። ከጫማው ጫፍ የተጠቀለለ ጨርቅ ጎትታ አወጣች። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ እግር ብቅ አለች፣ የቀኟ መንታ።

"ይኼ የማን እግር ነው?" አለ ሬይኖ።

"የኔ ነዋ! የማን ይሁንልህ? ስወለድም እኩል ነበሩ።"

"ታዲያ ያን ቀን..."

"ሰው ጫማ ታቅፎ ሲያለቅስ ምን ልበል? መሀረብ አልያዝኩም ነበር።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"አንዴ ካፌ ወጣ! በኋላ ውሸቴን ነው ማለት አያሳፍርም? ዳገቱስ ግድ የለም፣ ቁልቁለቱ ነው የገደለኝ። ታንኳ እየጎተትኩ ነው የኖርኩት!"

"እኔ እኮ አረማመድሽ መስሎኝ!"

"እኔ አውቅ ነበር!" የሚል ድምፅ ከጓዳው መጣ።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?" ሁለቱም እኩል ጮኹበት።

"አልተጠየቅኩማ!"

ኧረ እንዲህም አለ! ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥንድ ገዙ። ከተረከዝ የማይወልቅ፣ ጣት የማይቆነጥጥ፣ ሶሉ ጠንካራ። ሬይኖ ልክ የሆነ ጫማ እንዲህ መሆኑን ረስቶት ነበር። ግን ደስ አላለውም። በሩ ላይ ቆሙ።

"እንግዲህ" አለ።

"እንግዲህ" አለች።

ሬይኖ ወደ ሐይቁ መንገድ ጀመረ። ጆሮውን ጣለ፤ ሸርተት የለ፣ ጧ የለ። ወደ ድልድዩ ሄዳለች፣ በቃ፣ አለ በልቡ። ዞር ሲል አፍንጫዋን ሊገጫት ምንም አልቀረውም።

"ምነው?"

"የሄድሽ መስሎኝ። ድምፅሽ የለማ።"

"ጫማው ልኬ ነዋ። ሂድ።"

ትንሽ ሄዶ ዞረ። አለች። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ዞረ።

"አንገትህ ሊቀጭ ነው እኮ!" ብላ ጎኑ መጣችና እጇን በክንዱ ሥር አስገባች። "ይኸው። አሁን ገባህ?"

"ገባኝ" አለ።

ውሻውን ይዞ የመጣ ጎረቤት አያቸውና ቆመ።

"ደግሞ ጫማ ልታስረጁ ነው?"

"አይደለም" አለ ሬይኖ፣ ሌላም ምክንያት ሳይጨምር አለፈ።