ከጨርቄ ሥር የጠፋው ቀይ ምልክት

ልጅቷ ሳምቡሳዋን በቀኝ እጇ እንደያዘች በግራዋ የልጄን ስም ስትጽፍ አየኋት። ያለፈው ማክሰኞ ነው፤ እዚሁ ልደታ፣ ከቤቴ ብዙ የማይርቅ ክሊኒክ ውስጥ። የመጨረሻዋ ልጄ ሶስና ጉሮሮዋ አብጦ፣ ትኩሳቷ እጄን እየፈጀኝ ተደግፋኝ ቆማለች። ካርድ የምታወጣው ልጅ ግን ዘይቱ በጣቷ እየወረደ ኪቦርዱን ትቀጠቅጣለች። አንዲት የምስር ፍሬ ከሳምቡሳው ወደቀችና በቁልፎቹ መሃል ገባች። ልጅቷ በጥፍሯ ቆርቁራ አወጣቻትና በላቻት። ስትቆረቁር ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። እሷ አላየችውም፤ ፊቷን አዙራ ከጓደኛዋ ጋር ታወራ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ንጽሕና ያላስተማሯት ልጅ ብሎ ያልፋት ነበር። እኔ ግን አላልፋትም። ያንን ብልጭታ አውቀዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ በነበረ አንድ የግል ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠርኩ። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። በክረምት ከአብነት ስመጣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይውጠኝና በሩ ላይ ካለው ቧንቧ የላስቲክ ጫማዬን አጥቤ ነበር የምገባው። ጭቃ አልጸየፍም። ጭቃ ውሃ ካገኘ ይሄዳል። የሰው እድፍ ነው የማይለቀው።

ያንን ያወቅሁት ከካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ከጋሽ ታምራት ነው። ያኔ እርስዎ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ፉሉን ከነድስቱ አስመጥቶ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ይበላ ነበር። በዳቦ እየጠቀሰ፣ በቃሪያ እያጣጣመ፣ መሃል ላይ ሰው ከመጣ ጣቱን አንድ በአንድ ልሶ በዚያው ጣት ይጽፋል። የሻዩ ስኳር የፈሰሰበት ጊዜ ብዙ ነው። የሆነ ሆኖ ስክሪኑን በነጭ ዳንቴል ነበር የሚሸፍነው። ከላይ ዳንቴል፣ ከታች ጉድ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ገና ሁለት ወሩ ነበር፤ አሮጌዎቹን የወረቀት ካርዶች በካርቶን አድርጌ ደረጃው ሥር የደረደርኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ሚስማር የወጋትን የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ቤዛ ትባላለች ልጅቷ። ጋሽ ታምራት የወረቀት ካርዷን አስወጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጥ ጀመር። ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ነበር። እናትየዋ፣ ልጄ ፔኒሲሊን አይስማማትም፣ አንዴ ተወግታ ትንፋሿ ተዘግቶ ከሞት ነው የተረፈችው፣ ያ ቀይ እዚህም ውስጥ ይግባልኝ እያለች ትለምነዋለች። እኔ አጠገባቸው ወለል እወለውል ነበር። ጋሽ ታምራት ስክሪኑን አዞረላትና አንዲት ትንሽ ሳጥን በቀይ ስትሞላ አሳያት። ከእንግዲህ ማንም አይወጋትም አላት፣ በኩራት።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከሁለት ቁልፎች መሃል በረሮ ብቅ አለች። ጺሟን አወዛወዘችና ቀስ ብላ በኪቦርዱ ላይ ተጉዛ ወረቀቱ ላይ ወጣች። እናትየዋ ልጇን አንስታ ወደ ኋላ አለች። መርፌ ወጊዋ ሲስተር እቴነሽ በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ደርሰው በረሮዋን አይተው ኖሯል፤ ፊታቸው ደም መሰለ። የልጅቷ ቁስል ታጥቦ ታሽጎ ከሄዱ በኋላ ጠሩኝ።

«ዘነቡ፣ ነገ ስገባ ያ ኪቦርድ ታጥቦ ላግኘው።»

ጋሽ ታምራትን ስጠይቀው፣ እንዳታጠፊው ብቻ አለኝ። ከጠፋ ፕሮግራሙን የሚከፍትለት ሰው እስኪመጣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ እንደበራ ላጥበው ነው ማለት ነው። ይህን ሁለታችንም ምንም አልመሰለንም፤ ወንበር እንደማጽዳት ነበር የቆጠርነው።

በማግስቱ በጠዋት ዳንቴሉን ገለጥኩ። የቤዛ ካርድ እንደተከፈተ አድሯል፤ ቀዩ ሳጥን ይታየኛል። የቀረው በእንግሊዝኛ ነው፣ አላነበውም። ጨርቄን በሳሙና ነክሬ ጀመርኩ። የደረቀ ባቄላ፣ የጥፍር ቁራጭ፣ የጺም ጸጉር፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ በስኳር የተለጠፈ የዝንብ ክንፍ። አንዱን ስፍቅ ሌላው ይወጣል። ሁለት ጊዜ አፌን ይዤ ውጭ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ከታች ያለው ረዥሙ ቁልፍ ደግሞ በስኳር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ ጨርቄን ጠቅልዬ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት።

ቀዩ ነጭ ሆነ።

እንደ መብራት ነው የጠፋው። ወይኔ አልኩና ልመልሰው ብዬ በስተቀኝ ያለውን ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ። ካርዱ በሙሉ ሄደ፤ በቦታው ባዶ ካርድ መጣ። ምንም አልጠየቀኝም፣ ምንም አልጮኸም። እጄ ላይ የሳሙና አረፋ ብቻ ቀረ።

ጋሽ ታምራት ከነፉሉ ገባ። ቆሜ ጠበቅሁትና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«የትናንትናዋ ልጅ ቀይ ምልክቷ ጠፍቷል ጋሼ። እባክዎ ይመልሱላት።»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ኮምፒውተር ልታስተምሪኝ ነው? ይሄ ዕቃ አንድ ነገር ከመለወጡ በፊት ይጠይቃል።»

«እኔን አልጠየቀኝም።»

«በእንግሊዝኛ ጠይቆሽ ይሆናላ።»

በቀልዱ ራሱ ሳቀ። ሲስቅ ከአፉ አንድ የባቄላ ልጣጭ ዘሎ እኔ አሁን ያጠብኩት ኪቦርድ ላይ ተለጠፈ። ካርዱን ከፍቶ እንኳ አላየም። ለሲስተር ብታወሪ ኮምፒውተሩን በውሃ አበላሸች ብዬ ነው የማስባርርሽ አለኝና ዳቦውን ቆረሰ።

ለሲስተር አልነገርኳቸውም። እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ ቤታችን የሚበላው በእኔ ሥራ ነው። ያን ጠዋት አንዱን የኮሪደር ጥግ ስንት ጊዜ እንደወለወልኩት አላውቅም። እናትየዋ ራሷ ትናገራለች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሰውየውን የተጸየፍኩትን ያህል ራሴንም የተጸየፍኩት ያኔ ነው፤ ያ እድፍ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

አራት ሰዓት ገደማ ቤዛ እያነከሰች መጣች። እናቷ ግን የለችም፤ ከሥራ ፈቃድ ስለማይሰጧት አክስቷን ልካለች። ጋሽ ታምራት ከኮምፒውተሩ ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ቁስሏን ፈታ፤ መግል ቋጥሯል። ወደ መርፌ ክፍል ላካቸው። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። ሲስተር እቴነሽ የፔኒሲሊኑን ዱቄት በውሃ አድርገው በሁለት ጣታቸው ብልቃጡን ሲያናውጡ አየሁ። ልጅቷ የአክስቷን ቀሚስ ነክሳ ዓይኗን ጨፍናለች።

ከነመወልወያዬ ገባሁ።

«ሲስተር፣ አይውጓት።»

«ምን አልሽ?»

«ቀይ ነበራት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሲስተር ወረቀቱን አዩ፤ ቀይ የሚባል የለበትም። ወደ አክስቷ ዞረው መድኃኒቱ ይስማማታል ወይ ብለው ጠየቁ። አክስቷ፣ እኔ እንጃ፣ እናቷ ናት የምታውቀው አለች። ሲስተር መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። እኔ ወደ ደረጃው ሥር ሮጥኩ። ካርዱ ካርቶኑ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ነበር፤ በረሮዋ የሄደችበት ቡናማ መስመር ደርቆበታል፣ ቀዩ ጽሑፍም እንዳለ ነው። ሲስተር አነበቡት። የተዘጋጀውን መርፌ መታጠቢያው ላይ ጨምቀው ደፉትና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ጋሽ ታምራት ተጠርቶ መጣ። የፉሉ ዘይት ጺሙ ላይ ያብረቀርቃል። አልነገረችኝም አለ። ልደታን፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም ብሎ ማለ። በረሮ እንኳ መብራት ሲበራባት ታፍራለች፤ ትሸሻለች። እሱ ዓይኔን እያየ ነው የማለው። ሲስተር ግን አመኑኝ። እሱም ከሥራው አልወጣም፤ ፉሉን ውጭ እንዲበላ ብቻ ተነገረው።

በሳምንቱ ፕሮግራሙን የሠራችው ልጅ መጣች። ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ወጣት ናት። ወንበሩ ላይ እኔን አስቀምጣ፣ ያን ቀን ያደረግሽውን ሁሉ እዚህ ፊቴ አድርጊው አለችኝ። ጨርቄን ጠቅልዬ ረዥሙን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ቀዩ ጠፋ። ትልቁን ተጫንኩ፤ ካርዱ ቀዩን እንዳጣ ተመዝግቦ ሄደ። ልጅቷ ራሷን ያዘች።

«የተጫኑትን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ነው የሚቀበለው። እጅ ይሁን ጨርቅ አይለይም። መጠየቅ ነበረበት፣ እንዲጠይቅ አላደረግሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

በዚያ ክሊኒክ ጥፋቱ የኔ ነው ሲባል ከራሴ ሌላ የሰማሁት ከእሷ ብቻ ነው። ቀጥላም ምን ብሎ ቢጠይቅሽ እጅሽን ታነሺ ነበር አለችኝ። አስቤ፣ በአማርኛ፣ ይህች ልጅ ብትወጋ ምንም አትሆንም ወይ ቢለኝ አልኳት። አልሳቀችም። ቁጭ ብላ እንደዚያው ጻፈችው፤ ከዚያ ወዲህ ቀዩ በጨርቅም በባቄላም አይጠፋም ነበር።

ይህ ሁሉ ነው ማክሰኞ ዕለት ከአንዲት የምስር ፍሬ ጋር የመጣብኝ። ሶስናም በሕፃንነቷ አንድ ሽሮፕ ጠጥታ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፍቶ ያውቃል፤ የሽሮፑም ስም እዚያው ክሊኒክ ካርዷ ላይ ተመዝግቧል። ከመስኮቱ ጠጋ አልኩ።

«ልጄ፣ እስኪ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሪው።»

«ማዘር፣ ቆይ እየጻፍኩ ነው።»

«መጀመሪያ እጅሽን ጥረጊ፣ ከዚያ አዙሪው።»

ቅር ብሏት በሶፍት ጠረገችና አዞረችው። ስክሪኑ መሃል ትንሽ መስኮት ተከፍታ ትጠብቃለች። ልጅቷ ራሷ ደንገጥ ብላ አነበበችልኝ፤ የማይስማማት መድኃኒት ሊሰረዝ ነው፣ ይሰረዝ ወይ ይላል። እኔ ምኑንም አልነካሁትም ማዘር አለችኝ። ምስሯ ነች የነካችው አልኳት። ኧረ ይቅርታ ብላ፣ አይሰረዝ የሚለውን መረጠች። የሽሮፑን ስም ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኋት፤ እንዳለ ነው።

ሰው ቆሻሻውን አይተውም፤ በዚህ ተስፋ ቆርጫለሁ። ጣቱን ይልሳል፣ ይጽፋል፣ ይምላል። እኔንም ያን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ዝም ያሰኘኝ የራሴው እድፍ ነው። ቢሆንም አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ እንዲህ ያለ እጅ እንደሚመጣ አስቦ፣ ኮምፒውተሩን ጠይቅ ብሎታል።

ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዘዘላት። በታክሲ ገባን፤ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ዛሬ ትኩሳቷ ወርዷል፣ አጥሚት ጠጥታ አጠገቤ ተኝታለች። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።