ጫልቱ በስልክ የሳቀችው ሳቅ

ክረምት ሲገባ ትከሻዬ ዝናቡን ከሬዲዮ ቀድሞ ነው የሚናገር። ትናንትም ደመናው በገፈርሳ በኩል ሳይጠቁር ገና ይወጋኝ ጀመር። የልጅ ልጄን ሶሊን ጠርቼ ቅባት እያስቀባሁ ነበር። ሶሊ ደግሞ እጇ አያርፍም። ትከሻዬ ላይ ያሉትን ሦስት ትንንሽ ጠባሳዎች በጣቷ እየጠነቆለች፣

«አያቴ፣ እነዚህ የክትባት ናቸው?» አለችኝ።

«የፍቅረኛዬ ንክሻ ነው» አልኳት።

«ውይ አያቴ! ወጣት ሳለሽ?»

«አዎና። ስድሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ኮረዳ ሳለሁ።»

ልጅቷ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን እውነቴን ነው። ወጣትነት የሚሉት ነገር በጊዜው አልመጣልኝም። ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ዳሩኝ፣ እቃቃ መጫወት ሳልጠግብ የምር ልጅ አቀፍኩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ኮረዳነት በደጄ ሲያልፍ እንኳ አላየሁትም። የመጣልኝ ባሌን ከቀበርኩ፣ ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ፣ ያውም ባህር ማዶ ነው። የቆየውም እንግዳ የሚቆየውን ያህል ነው። ሲሄድ ግን ያስከፈለኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ያኔ እኔና ጫልቱ ቡራዩ ውስጥ ለሰው በርበሬ እየወቀጥን ነበር የምንኖረው። ጫልቱ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ወፍጮ ቤት ሞልቶ ሳለ «የእጅ ካልሆነ ጣዕም የለውም» የሚሉ የአዲስ አበባ ሴቶች አሉ። እግዜር ይይላቸው፣ ትከሻዬን የበሉት እነሱ ናቸው። አንድ ሙቀጫ ለሁለት ነው፤ የሷ ዘነዘና ሲወጣ የኔ ይወርዳል፣ የኔ ሲወጣ የሷ ይወርዳል። እሷ በኦሮምኛ ታንጎራጉራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። በርበሬው እንደሆነ በሁለቱም ቋንቋ ያስነጥሳል።

አንድ ልጅ ነበራት፣ ገመቹ። እንጨት ቤት አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። ጡት ያጠባሁት እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ግን ግማሹን ምሳ ያበላሁት፣ ግማሹን ኩርኩም ያቀመስኩት እኔ ነኝ። «አዳዳ» ይለኛል፣ በነሱ አክስት ማለት ነው።

አንድ ቀን ዘነዘናው ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ክንዴ አልነሳ አለኝ። ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ወጌሻው በቅቤ አሸኝ፣ ጎተተኝ፣ ጠመዘዘኝ። ከሱ ቤት የወጣሁት ከገባሁት ብሼ ነው። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ደግሞ የትከሻሽ ጅማት ተበጥሷል፣ ውጭ አገር በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ይሰፉታል አለኝ። እኔ እንኳ ትቼው ነበር። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ ሰናይት ናት «እማዬ፣ ታዲያ የምለፋው ለማን ነው?» ብላ ሕንድ አገር ሐኪም ያገኘችልኝ፤ እዚያው ልትቀበለኝ ተቀጣጠርን።

የዚያን ሰሞን አገሩ ደግ አልነበረም። ማስተር ፕላን የሚሉት መጥቶ፣ ሰበታም ሱሉልታም ቡራዩም አዲስ አበባ ሊሆኑ ነው ተባለ። ገበሬው «መሬቴስ?» አለ። የጫልቱ አባት መሬት ገፈርሳ ጫፍ ላይ ናት። ልጆቹ መንገድ ላይ ወጡ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ነደደ፣ ሚኒባስ አንድ ቀን ቢኖር አንድ ቀን የለም። ሰውም በቋንቋ መተያየት ጀምሮ ነበር። የሁለታችን ሙቀጫ ብቻ ወሬውን አልሰማም።

የሄድኩ ቀን ታክሲው ድንጋዩን አልፎ ሊገባ ስላልቻለ ገመቹ ሻንጣዬን በትከሻው ተሸክሞ ሸኘኝ።

«አዳዳ፣ ሕንዶቹ አድሰው ሲመልሱሽ ማን ሊችልሽ ነው?»

«መጀመሪያ የምወቅጠው አንተን ነው።»

«እሺ፣ እስክትመጪ ቀለል ያለ ዘነዘና እሠራልሻለሁ። ያሁኑ ለሰው አይሆንም፣ ለበሬ ነው።»

«ዘነዘናውን ተወውና እናትህን ጠብቅ። ሰልፍ ምናምን ውስጥ እንዳትገባ።»

«የአያቴ መሬት ነው እኮ» አለኝ። ይሄን ሲል አልሳቀም። ወዲያው ግን ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝና፣ «ሸሚዝ አምጪልኝ። አበባ አበባ ያለበት እንዳይሆን!» ብሎ ተመለሰ። በጀርባው ነው ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ። ሰፊ ትከሻ ነበረው።

አውሮፕላን ማረፊያ በተሽከርካሪ ወንበር ገፉኝ። «ኧረ የታመመው ትከሻዬ ነው፣ እግሬ ደህና ነው!» ብል ማን ይስማኝ? ኋላ ግን ጣመኝ። ከሠርጌ በቅሎ ወዲህ ተሸክሞኝ የሚያውቅ የለም፤ ያችም በቅሎ ወዴት እንደወሰደችኝ አውቃለሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ቆንጅዬ ነርስ መጥታ ትከሻዬ ላይ በስክሪብቶ ቀስት ሳለችብኝ። ለካ በጤነኛው በኩል ተሳስተው እንዳይገቡ ነው። እኔ «መንገዱ ጠፋቸው እንዴ፣ ይሄን ያህል ርቀት መጥቼ?» ብዬ ስደነግጥ ሰናይት አፏን ይዛ ትስቃለች። ስነቃ ሁሉ ነገር አልቋል። ዶክተሩ የትከሻዬን ውስጥ በቴሌቪዥን አሳየኝ። የገዛ ሥጋዬን! ውሃ ሞልተውበት፣ ነጭ ነገር እንደተባዘተ ጥጥ ይንሳፈፋል። የተበጠሰው ጅማቴ ጫፉ ልክ ያረጀ የነጠላ ዘርፍ ነው የሚመስል። እዚያ ላይ ችካል የምትመስል፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር አጥንቴ ውስጥ ተክሎ በክር ስቦ ሰፋው። ከላይ የቀረው ሦስት ቀዳዳ ብቻ። ከዚያ ክንዴን ደረቴ ላይ በጨርቅ አሰረልኝና፣ «እስክፈቅድልሽ እንዳታነሺው፣ ክሩ ከተበጠሰ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው በላት» አለ። ሰናይት ናት የምታስተረጉመው።

ወጣትነቴ እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። ከሰናይት ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አንድ አልጋ ላይ ተኛን፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ አልተኛንም። ሹሩባ ሠራችኝ። ማንጎ ልጣ ስታጎርሰኝ ጭማቂው በአገጬ ወርዶ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ እንደ እሳት ነው፣ በርበሬያቸው የኛን ያስንቃል፣ መንገዱ በጩኸት የተሞላ ነው። አንዲት ላም አስፋልት መሃል ተኝታ መኪናው ሁሉ ሲዞርላት አይቼ፣ «ምነው ልጅ ሳለሁ ከዚች ጋር ቦታ ባቀያየሩኝ» ብል፣ እናትና ልጅ ሳቃችንን ማቆም አቅቶን ግድግዳ ተደገፍን። ደስታ እንዲህ ነው ለካ አልኩ። ወጥ ያረረበት፣ በር ያንኳኳ፣ «እትዬ ዘነበች» ብሎ የተጣራ የለም።

ታዲያ የጣመኝን ሁሉ ለጫልቱ ካልነገርኩ አይጥመኝም። በሰናይት ስልክ እየደወልኩ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ሰናይት «ዛሬ ሂሳብ የለውም» አለችኝ። በማግስቱ «ኔትወርክ የለም»። ዓይኗ ያበጠ ነው፤ ስጠይቃት ጉንፋን አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ቀምቼ፣ «ይደወልልኝ!» አልኩ።

«ጫልቱ! አካም ጅርታ?»

«ፈያ። ደህና ነኝ፣ ዘኑ።»

«ምነው ድምፅሽ?»

«በርበሬው ነው። ብቻዬን እየወቀጥኩ።»

«ምንድነው የሰው ኳኳታ የምሰማው?»

«እድር ነው። ስብሰባ አለ።»

«ተያቸው ይሰብሰቡ። ስሚኝ፣ ሦስት ቀዳዳ ብቻ! ክንዴን ጎምደው የሚጥሉት መስሎኝ ስርበተበት፣ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ! ከውስጥ በክር ነው የሰፉት። እጄን ካነሳሁ ክሩ ይበጠሳል አሉ። ያስፈራሁሽ በከንቱ ነው፣ ትንሽ ቀዳዳ ሰው አይገድልም!»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። ከዚያ ሳቀች። የጫልቱን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ ከሆዷ ነው የምትስቅ። ያኔም ከሆዷ ነው የሳቀች።

«ገመቹስ?»

«አለ። ተኝቷል።»

«በጠራራ ፀሐይ? ቀስቅሺው እንጂ ያንን ሰነፍ! የሸሚዙን ልክ ልጠይቀው።»

«ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አለች። «ሰፋ ያለ አምጪለት።»

ስመለስ ሰናይት ወደ ሥራዋ፣ እኔ ወደ ቤቴ ተለያየን። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኝ ባለታክሲ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ሌላ ጊዜ ወሬ የማይጠግብ። ቡራዩ ስንገባ አስፋልቱ ላይ ጎማ የተቃጠለበት ክብ ክብ ጥቁር አለ፣ ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው። «ምን ሆናችሁ?» ብዬ ስጠይቀው ሬዲዮኑን ከፈተ።

ቤቴ በሰው ተሞላ። የኛ ሰው ደግሞ በሽተኛ ሲጠይቅ ቁስሉን ካላየ የጠየቀ አይመስለውም። ገልጬ አሳየኋቸው።

«ይቺ ናት? ቁንጫ የነከሰሽ ነው እኮ የሚመስለው!»

«ለዚች ነው ባህር የተሻገርሽ?»

ሳቅን። የነሱ ሳቅ ጥርስ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን የቀኑብኝ መሰለኝ፣ ሞኟ።

ጫልቱ መጣች። አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አስራለች። በጤነኛው በኩል አቅፋ ሳመችኝ። እኔ ወዲያው ሻንጣዬን አስከፍቼ ሸሚዙን አወጣሁ። «ይኸው፣ አበባ የለበትም። የት አለ እሱ? አዳዳ መጣች ሲባል የማይመጣ!» ጫልቱ ሸሚዙን ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ የአበባው ቀሚስ ከፍ አለ፤ ከስሩ ጥቁር ቀሚስ አየሁ።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር፣ በሽማግሌ አፍ። እኔን ያረዳኝ የቀሚስ ጠርዝ ነው።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ደረቴን ልመታ ክንዴን ከጨርቁ ነጥቄ ሳወጣ ጫልቱ ዘላ ያዘችኝ። ሁለት እጄን በሁለት እጇ ጨመቀች። «እጅሽን! ዘኑ፣ እጅሽን! ክሩ ይበጠሳል!» እያለች ትጮኻለች። ልጇን የቀበረች እሷ፣ ያዙኝ ልቀቁኝ የምለው እኔ። አንድ ልጇን አልቅሼ እንኳ ልሸኘው አልቻልኩም፤ ደረቴን እንዳልመታ ታስሬ፣ እንደ በግ ቆሜ አለቀስኩ።

ኋላ ነው ነገሩን የሰማሁ። ሰልፉ ውስጥ ነበር የሚሉ አሉ፣ እንጨት ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ ነው የሚሉም አሉ። ጥይቷ የገባችው በትከሻው ነው። ትንሽ ቀዳዳ ናት። እሱ ራሱ «ትከሻዬን ነው፣ ምንም አይደል» ብሎ ጥቂት በእግሩ ሄዷል። መንገዱ ዝግ ነው፣ መኪና የለም። በቃሬዛ ተሸክመውት ሲሮጡ እዚሁ አፍንጫችን ስር ያለው አስኮ ሳይደርሱ ደሙ አለቀ። እኔ ለአሮጌ ትከሻዬ ባህር ተሻገርኩ፤ እሱ ለዚያ ትከሻው አስኮ ራቀው።

ያኔ ስልክ ስደውል፣ እድር ያለችኝ ድንኳኑ ነበር። የስልኩን ድምፅ ሲሰሙ አልቃሾቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ አሉ። ድንኳን ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ እናቲቱ ስትስቅ ሰማ። ስልኩን ስትዘጋ ነው የወደቀችው።

ቆይቶ፣ «እንዴት አስቻለሽ?» አልኳት።

«ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ?»

«ልቅሶዬን ሰረቅሽኝ።»

«ትከሻሽን አተረፍኩልሽ» አለችኝ። እስከ ዛሬ በዚህ አልታረቅንም። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንውላለን፣ በዚህ ግን አልታረቅንም። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ የተነገረ ቀን «ገመቹም ቀርቷል» ብላ ዘጋችው።

በርበሬ መውቀጥ ተውን። እንጨት ቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ዘነዘና ተገኘ፣ እጀታው ገና ያልለሰለሰ። ከቤቴ በር ኋላ ቆሟል። ለሕፃን እንኳ የሚቀል ነው። አንስቼው አላውቅም።

ትናንት ታዲያ ሶሊ ቀብታኝ ሳትጨርስ ሰናይት ደወለች። ጫልቱ አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ክረምቱ ገባ አይደል? ትከሻሽን ያምሻል?»

ሌሊቱን እንደ ቢላ ሲወጋኝ አድሮ ነበር። ክንዴን ወደ ላይ ማንሳት እንደገና እያቃተኝ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመግባት ቲኬት ልትቆርጥ ነው፤ ከሰማች ያጠራቀመችውን እንደገና ለዶክተር ልትሰጥ ነው።

«ኧረ እስክስታ እየወረድኩበት ነው!» አልኩና ሳቅኩ። ከሆዴ። ሰናይትም አመነችኝ፣ ሶሊም አመነችኝ፣ ሁለቱም ሳቁ። አሁን ሰው ሁሉ «ዘነበች ሳቂታ ናት» ይለኛል። ሳቄን የወረስኩት ከማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ስልኩን ስዘጋ ጫልቱ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም። እጇን ዘርግታ ሦስቱ ጠባሳዎች ላይ ጫነችው፣ ልክ የሚያመኝን ቦታ ሳይነግሯት።

«ተማርሽ» አለችኝ።

ውጭ ዝናቡ ጀመረ።