የወንዛችን ዓሣ ጉበት

ቡታጅራ አጠገብ በቆሎ ሳርስ፣ አረም ማጥፊያ የረጨሁበትን መርጫ ወንዝ ወርጄ ነበር የማጥበው። ከእንሰቱና ከልጆቹ ላርቀው ብዬ ነው፤ በጥንቃቄዬም እኮራ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ከዚያው ወንዝ ያጠመድኩትን ዓሣ ሰንጥቃ ጉበቱን በመዳፏ ይዛ መጣች። ገርጥቶ ጠቃጠቆ ወጥቶበታል።

«ያራቅከው መርዝ ይኸው ቤት ገባ» አለችኝ።

«ደግሞ ዓሣ ይታመማል?» ብዬ ጮህኩባት። ጉበቱን ያሳየሁት የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ ግን መርዝ የሚያጣራው ጉበት ስለሆነ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጣቢውን እዚያው ማሳዬ ላይ መርጨት ጀመርኩ፤ መርጫ አዝሎ ወደ ወንዝ የሚወርድ ጎረቤት ባየሁ ቁጥርም እጣላለሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ባለቤቴ ከዚያው ወንዝ ያጠመድኩትን ሌላ ዓሣ ሰንጥቃ ያንኑ መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ጉበቱ ደም መስሎ ያብረቀርቃል።

«በል፣ ድስቱን ጣድ» አለችኝ።